አራት ሴንቲ ንፋስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴም ሳይሳሳት የኖረ ሰው አለ ቢሏችሁ አትመኑ። የእንጨት ቤቱ ሠራተኞች ግን አምነው ነበር። ለዋናው አናጢ «አይስቴ» ብለው ስም ያወጡለት ለዚሁ ነው። እሱም ቢሆን ስሙን እንደ ካባ ደርቦት ነው የሚዞረው።

ጋሽ አይስቴ ሜትር አይዝም። ሜትር የያዘ አናጢ ለእሱ ምርኩዝ የያዘ ሯጭ ነው። የሚይዘው አንዲት ዘንግ ናት፤ ስፋቷ ሁለት ጣት፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር፣ በጎኗ በቢላ የተፈቀፈቁ ምልክቶች ያሏት። ገና ወጣት ሳለ ከአሠሪው ሜትር ላይ ገልብጦ የሠራት ናት። ስሟ «ዳኛው» ነው። ክርክር ሲነሳ «ዳኛው ይምጣ!» ይላል። ዳኛው ይመጣል፤ ክርክሩ ያልቃል። በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ጫፉ ቆሸሸ፣ ደነዘዘ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት ያደርገዋል፣ እንደ ሙሽራ ጥፍር። ይህችን አሸት አሸት ያዙልኝ።

ጊዜው ከፋ። እንጨት ዛሬ ተገኘ ሲባል ነገ ይጠፋል። ማዶ ያለው እንጨት ቤት በሩን ዘጋ። አንድ ሰኞ ጠዋት የእንጨት ቤቱ ባለቤት በፕላስቲክ የተጠቀለለ መቁረጫ ማሽን አስገባና ሠራተኞቹን ሰበሰበ።

«ይሄ የሚበላው ቁጥር ነው» አለ። «የዛሬ ሳምንት እያንዳንዱ አናጢ ከወረቀት ላይ ቁጥር አንብቦ አንድ በር ይቆርጥበታል። ቁጥር ማጉረስ ያቃተው ከማግስቱ ጀምሮ እንጨት ተሸካሚ ነው። ጋሼ፣ እርስዎም ቢሆኑ።»

የጋሽ አይስቴ ዕድሜ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ወገቡ ግን ሰማንያ። እንጨት ተሸከም ማለት ለእሱ ቤትህ ግባ ማለት ነው።

በዚያ ቀን እንጨት ቤቱ ውስጥ አንድ ተረት ከአፍ አፍ ሲዘዋወር ዋለ፦ ካረጁ አይበጁ። ይሄን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰነፍ እንደነበረ ግን ግልጽ ነው። በአርባ ዓመቱ «ከእንግዲህ ምን ልማር» ብሎ ለተጋደመ ሁሉ ትራስ ሆኖ ኖሯል። ዓለም በየጠዋቱ መልኳን ስትቀይር እኛ ትናንት ባወቅናት ጥቂት ነገር ላይ ተኝተን «ጊዜው ከፋ» እንላለን። ጊዜውማ ምን ያድርግ! ተኝተን ቢያገኘን ረግጦን አለፈ።

ጋሽ አይስቴም ሊተኛ ቃጥቶት ነበር። ወገቡ ነው ያዳነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። «ጨርቅ ይለጠጣል፣ እንጨት አይለጠጥም» እያለ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍባት ኖሯል። ማታ ቤት ሲገባ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ፣ እስቲ ያን የአንገትሽን ነገር አሳይኝ።»

«የቱን? ሐብሌን?»

«ሜትሩን።»

መርፌዋን አስቀመጠች። «ሠላሳ ዓመት ስትስቅበት የኖርከውን?»

«አትበቀይኝ፤ አስተምሪኝ።»

አስተማረችው። ትልልቁ ቁጥር ሴንቲ፣ ትንንሹ ጭረት ሚሊ፤ አሥር ሚሊ አንድ ሴንቲ፤ መቶ ሴንቲ አንድ ሜትር። ይኸው ነው። ሰውየው ግን እንደ ሰከረ ሆነ! ጠረጴዛውን ለካ፣ አልጋውን ለካ፣ ሳሙናውን ለካ። ሚስቱን አገጯን ይዞ አፍንጫዋን ለካ።

«አምስት ሴንቲ ከሦስት ሚሊ!»

«ይሄን ሳታጣራ ነው እንዴ ያገባኸኝ?»

አማቱ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ነበር። ቀስ ብሎ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ሜትሩን ዘረጋባቸው። አንድ ዐይናቸውን ገለጡ።

«አንተ ልጅ፣ አናጢ በተኛሁበት የሚለካኝ ለምንድነው? ገና አልሞትኩም እኮ!»

«ለትምህርት ነው እማማ!»

«እንግዲያው ጨመር አድርገህ ጻፍ። ጠባብ ሳጥን አልወድም።»

ረቡዕ ዕለት የሚለካ ዕቃ አለቀበትና ዳኛውን ለካ። ዘጠና ስምንት።

«ሜትርሽ ተለጥጧል» አለ።

ሚስቱ ከመሳቢያ አዲስ ሜትር አወጣች። ዘጠና ስምንት። ጎረቤት ሮጦ የብረት ሜትር ተዋሰ። ዘጠና ስምንት። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈረደው ዳኛ ሁለት ሴንቲ ጎድሎታል።

«እንዴት ያጥራል?» አለች ሚስቱ። «እንጨት አይለጠጥም ብለህ የለ?»

«አይለጠጥም። ግን...» እጁ በአየር ላይ በራሱ አሸት አሸት አደረገ። በየወሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ዳኛውን አጸዳሁ እያለ ሲበላው ኖሯል!

አሁን ሒሳቡ ራሱ መጣለት። በር ሁለት ሜትር ከአሥር ነው፤ ዘንጉ ሁለቴ ይተኛበታል፣ አሥሯ ሴንቲ በምልክቱ ትሞላለች። ስለዚህ በቅርቡ የሠራው በር ሁሉ አራት አራት ሴንቲ ያጥራል። የአማቱ ክፍል በርም እንደዚያው። ያን ክፍል ባለፈው ዓመት የገነባው ግንበኛ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ከበሩ ሥር ንፋስ ሲገባ ጋሽ አይስቴ በዘመድ ፊት «ዐይነ ጠማማ፣ ደፍ እንኳ መሥራት የማይችል!» ብሎ ሰደበው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዘንጉን ምድጃ ውስጥ ከትቶ ዝም ይላል። ስንቱ ነው ስሕተቱን አቃጥሎ በአመዱ ላይ የሚኮፈሰው! ጋሽ አይስቴ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠና ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አለመሳሳት ይሄን ያህል ከባድ ሸክም እንደነበር ያወቀው ሲያራግፈው ነው።

በማግስቱ ሰፈሩን ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ከበርህ ሥር ንፋስ ይገባል?»

«ኧረ አይጥም ይገባል! ያ ግንበኛ...»

«ግንበኛውን ተወው። ንፋሱ የእኔ ነው!»

«አይጡስ?»

«አይጡ የራሱ ነው» አለና እየሳቀ ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቀረ፤ ሰውየው ለይቶለታል ብሎ።

ሰኞ ደረሰ፤ የዳኛውን ነገር ለእንጨት ቤቱ ሰው ገና አልተናገረም። የመፈተኛው በር ከመንገዱ ማዶ ለሚሠራ ቤት ነው፤ እንደተቆረጠ እዚያው ይገጠማል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ኮምፔንሳቶ ተሰጠው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው መጨረሻው ነው። ጋሽ አይስቴ ወረቀቱን አነበበ፦ ቁመት 210፣ ወርድ 90። የማሽኑን ቁልፎች ነካካ፣ ተጫነ። ማሽኑ ጮኸ፣ ተንጫጫ፣ የጫማ ሶል የምታክል ቁራጭ ተፋ።

እንጨት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ ለድመት ነው እንዴ?»

የባለቤቱ ፊት ጠቆረ። ሠራተኞቹ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው!» እስኪል ጠበቁ። ጋሽ አይስቴ ግን ቁራጯን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረጋት።

«ተሳሳትኩ!» አለ ፊቱ እየበራ። ማሽኑን ወደምታሠራው ቴክኒሻን ዞረ። «ልጄ፣ ይሄ የሚቆጥረው በሚሊ ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እና አትነግሪኝም! ዜሮ ዜሮ እንጨምርለታ!»

ጨመረ፤ 2100፣ 900። ሁለተኛው ኮምፔንሳቶ ገባ፤ በር ሆኖ ወጣ። ተራውን የሚጠብቅ ሌላ አናጢ እንደ ልማዱ ዳኛውን አምጥቶ በሩ ላይ ሁለቴ አስተኛው፣ አሥሯንም ሴንቲ በምልክቱ ጨመረ።

«ጋሼ፣ በአራት ሴንቲ በልጧል!»

«ይቆረጣ» አለ ባለቤቱ። «ዳኛው ተሳስቶ አያውቅም።»

መጋዝ ቀረበ። ጋሽ አይስቴ መጋዙንና ዳኛውን አፈራርቆ አየ። የእንጀራው ገመድ ያለው እዚህች አራት ሴንቲ ላይ ነው። ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል፣ በሩ ያጥራል። ከተናገረ ደግሞ ስሙ ይሄዳል፤ ሜትሩን ገና በሳምንቱ ነው የተማረው፣ ያም ልክ ባይሆንስ?

በሩ ላይ በደረቱ ተኛበት።

«አይቆረጥም! ዳኛው አጭር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሳትኩት እኔ ነኝ። ወስዳችሁ ግጠሙት፤ ካልገባ ነገ እንጨት እሸከማለሁ።»

መንገዱን ተሻግረው ወሰዱት። የዚያ ቤት ግንበኛ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ያው የጋሽ አይስቴ ሚስት ወንድም ነው። በሩ ቆመ፣ ማጠፊያው ታሠረ፣ ተገፋ። ጠቅ! ከሥሩ ወረቀት እንኳ በግድ ነው የሚያልፈው።

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በጣቱ ዳሰሰ። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጋ እፈልግዎታለሁ» አለ።

ግንበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ያ የእማዬ ክፍል ደፍስ?»

«ደፍህ ቀጥ ያለ ነው። ጠማማው እኔ ነኝ።»

«እማዬ ፊት ድገመው።»

«እማማ ፊት ቀርቶ ፀጉር አስተካካዩም ያውቃል!»

አብረው ሄዱ። ጋሽ አይስቴ ዳኛውን በአማቱ በር ሥር አስጠጋው። ክፍተቱ አራት ሴንቲ፣ የዘንጉም ስፋት አራት ሴንቲ። የበሩ ወርድ ዘጠና ነውና ከርዝመቱ ስምንት ሴንቲ ይቆረጣል፤ በሩ እንዲዞር ደግሞ ከስፋቱ ሦስት ሚሊ ይላጋል። ሚስቱ ለካች፣ ግንበኛው ጫፉን ያዘ፣ ጋሽ አይስቴ ዳኛውን በገዛ እጁ በመጋዝ ቆረጠው።

«ምንድነው የምትቀጠቅጡት?» አሉ አማቱ አልጋቸው ላይ ሆነው። «ሳጥኑ ደረሰ እንዴ?»

ምስማሩ ገባ። በሩ ተዘጋ። አማቱ ሁለት እግራቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ጣቶቻቸውን አወዛወዙ። «ንፋሱስ?»

«ተሻረ እማማ!»

ሚስቱ ሜትሯን ልትጠቀልል ስትል ጋሽ አይስቴ ጫፉን ያዘባት። ገለበጠው፤ ዐይኑ ፈጠጠ።

«አንቺ! በጀርባው ያለው ሌላ ቁጥር ምንድነው?»

«ኢንች ነው።»

«ኢንች!» አለ፣ መንታ ተወለደልህ እንደተባለ ሰው። «እና ሳምንቱን ሙሉ ደብቀሽኝ ነው? ነይ ቁጭ በይ!»

አማቱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «እኔን ግን ደግመህ እንዳትለካኝ።»