የሰርጉ ኬክና የመጨረሻው ሃያ ፐርሰንት

ሰፈሩ «አባ ሰማንያ» ይለዋል። ስሙን የሰማ እንግዳ አንዳንዴ ዕድሜው፣ አንዳንዴም ሚስቱን ያገባበት ሰማንያ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ዕድሜው ገና ነው፤ ሚስቱም ብትጠየቅ፣ «እኔን ያገባኝ በሰማንያ ሳይሆን በጥድፊያ ነው» ትላለች። ስሙን ያመጣው መኪና ነው።

ድሮ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ሳለ፣ «ጥይቱ» ነበር የሚባለው። መንገድ ላይ መቆም እንደ ሽንፈት ይቆጠርበታል። ተሳፋሪ «ሹፌር፣ እባክህ አንዴ አቁምልን» ሲለው «ደርሰናል» ይላል፤ ግማሽ መንገድ ቢቀርም «ደርሰናል» ነው። ታንኩ ጢም ሳይል ደግሞ ከከተማ አይወጣም። ጡረታ ሲወጣ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ወዶ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ በስፌት መኪና ጩኸት ስለኖረች፣ ድምፅ የሌለው ሞተር ስታይ ልቧ ወደደው።

ሴት ልጃቸው ሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ወለደችና ሁለቱ በጠዋት ተነሱ። የሚስቱ ወንድምም በነዳጅ መኪናው በዚያው ጠዋት ሊሄድ ነበርና ደውሎ፣ «እዚያ እንገናኛለን፤ ገመዳችሁ ካልተጠላለፈ» አለው። ይህን የሰማ ጥይቱ ጥርሱን ነከሰ።

አጋማሽ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ የቻርጅ ጣቢያ አለች። ካሏት ሁለት ማሽኖች አንዱ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነበረው፤ ሹፌሩ ግን ጎዶሎ አይወድምና ገመዱን ሰካ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ፈረስ ጋለበ። ሰማንያን ሲሻገር ግን እግሩ እንደታሰረ ሰው መጎተት ጀመረ።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ኬክ ጋጋሪ ከኋላው መጥታ ቆመች። መኪናዋ ውስጥ አናቱ ላይ ትንንሽ የሙሽሮች አሻንጉሊቶች የቆሙበት ባለ አራት ደርብ የሰርግ ኬክ ተጭኗል። ክሬሙ እንዳይቀልጥ ማቀዝቀዣውን እስከ ጥግ ከፍታ ስለመጣች፣ ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

«አባባ፣ ስንት ገባ?»

«ሰማንያ አምስት።»

«እንግዲያውማ ጨርሰዋል።»

«ልጄ፣ ሙሉ የሚባለው መቶ ነው። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን መሪ ላይ ነው የጨረስኩት፤ ጎዶሎ ይዤ መንገድ አልገባም።»

«ለነዳጅ ልክ ነዎት። ባትሪ ግን ሲርበው ይስገበገባል፣ ሲጠግብ ይኮራል። ከሰማንያ በኋላ ጠብ ጠብ ነው። የመጨረሻው ሃያ የፊተኛውን ሁሉ ያህል ሊያስቆምዎ ይችላል።»

እሱ ክንዱን አጣጥፎ መኪናውን ተደገፈ። ሚስቱ ኬኩን ለማየት ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አንተ፣ ከላይ ያለው ሙሽራ ሙሽሪቷ ትከሻ ላይ ተደግፏል።»

«ምናለበት፣ ይዋደዱ።»

«ፍቅር አይደለም፣ ክሬሙ ነው።»

ሹፌሩ ወደ ማሽኑ ዞረ። ሰማንያ ስድስት። ያን ጊዜ አውቶቡስ ሲጫን ትዝ አለው። የፊተኞቹ ተሳፋሪዎች ሮጠው ገብተው ይቀመጣሉ። የመጨረሻዎቹ ናቸው የሚያዘገዩት፤ አንዱ ሻንጣ አንሡልኝ ይላል፣ አንዷ መስኮት አጠገብ ካልሆነ ትላለች፣ ሌላው ጠጋ በሉ እያለ መተላለፊያው ላይ ይጨቃጨቃል።

«ባትሪውም እንደ ተሳፋሪ ነው በይኛ» አላት ጋጋሪዋንና ሳቁ አመለጠው። ሄዶ ገመዱን ነቀለ።

ሚስቱ ግን አላበቃችም። «አንቺ እስክትሞዪ ክሬሙ አይጠብቅም። ሰርጉ በእኛ መንገድ ላይ ነው፤ ኬኩ ከእኛ ጋር ቀድሞ ይሂድ፣ አንቺ ድረሺብን» አለቻት። ጋጋሪዋ ባልና ሚስቱን አየች፣ ሙሽራውን አየች፣ እሺ አለች። ኬኩን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እንደ በሽተኛ ደግፈው አዛወሩት።

ጥይቱ በዚያ ቀን መንዳት እንደ አዲስ ተማረ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። አንድ ትራክተር ጥሩምባ ነፍቶ ቀደመው። ሚስቱ ከኋላ ኬኩን እንደያዘች «ቀስ» ትላለች።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ቆምኩ እኮ ነው።»

የሚስቱ ወንድም ደወለ። «የት ደረሳችሁ?»

«ሙሽሮች ይዘን ነው።»

«የማንን ሙሽሮች?» ብሎ ሲጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ።

የሰርጉ አዳራሽ ሲደርሱ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። እስከ ሰማንያ ሞልታ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ እጇን እያውለበለበች አልፋቸዋለች፤ ሹፌሩ ግን ዓይኑን ከጉድጓድ ስላላነሣ አላያትም። ያ ሁሉ ማቀዝቀዣ እየነፈሰበት ሸሚዙ በላብ ርሷል። እሷ የሙሽራውን ወገብ በጣቷ አቀናችና፣ ለአራሷ ብላ ከተረፋት ትንሽ ኬክ በካርቶን ሰጠቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በየጣቢያው ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ሰማንያ ይበቃል፣ ንቀልና ሂድ» እያለ ስሙን አስለወጠ።

በዚያ ቀን ልጃቸው ቤት የደረሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። የሚስቱ ወንድም ሳሎን መሃል ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል።

«ምሳ ሳይደርስ ነው የገባሁት» አለ ከወለሉ። «አንድም ቦታ አልቆምኩም።»

«ታዲያ ምን አስተኛህ?» አለችው እህቱ።

«ወገቤ ነው። ከመኪናው ሁለት ሰው ነው ያወጣኝ። ሕፃኗንም ገና አላቀፍኳት።»

 ሹፌሩ እጁን ታጥቦ ሴት ልጁ አጠገብ ተቀመጠና ሕፃኗን ተቀበላት።

«አባዬ፣ አንገቷን ደግፍ» አለችው።

ደገፈ። ሕፃኗ አዛጋች፣ አፏን አጣጣመች፣ ከዚያ እጁ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እራት ቀርቦ ሁለት ሦስቴ ተጠራ። ክንዱ ቢደነዝዝም እንዳትነቃበት ብሎ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።