መንገድ ላይ የቀረችው «የ»

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ሩቂያ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲዋን ጨረሰች ብለን በግ አርደን ዘመድ ጠራን። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴን እያሸሁ ጭኮ አዘጋጀሁ፤ ገብሱን ከወሎ ቦረና፣ ቅቤውን ከለጋምቦ ነው ያስመጣሁት። ሰው በልቶ ጠግቦ ጨዋታ ሲጀመር አንድ ዘመዳችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ጣቱን እየላሰ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ የእብድ ሐኪም?» አላት። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ ልብ ወይም ዓይን ብትማር ኖሮ እንደሚሻል፣ አሁን ግን ያላት መላ ውጭ አገር መሻገር ብቻ እንደሆነ መከረቻት። ሩቂያ አንገቷን ደፋች። የእኔ ግን ደሜ ፈላ። እንግዳ ነው አላልኩም፣ ሁለቱንም ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ልጆቼ «እማን ምን ነካት?» ይባባላሉ። ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደሴ ተምሬ መካነ ሰላም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የዚያን ጊዜ ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢውም፣ መርፌ ወጊውም፣ ወለል ጠራጊውም ነው። ሐኪም የሚባለውን የምናየው አልፎ አልፎ መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ክረምት ከገባማ ከአቀስታ ወዲህ ያለው ጭቃ እንኳን መኪና በቅሎም ይውጣል።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይድ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ፣ ነበር። ቁርኣኑን አኽትሞ ኪታብ ጀምሮ ሳለ ካጠገባችን የሌለ ሰው ያናግረው ጀመር። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ኋላ ወደ ገደሉ መሮጥ አመጣ። አባቴ እግሩን ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት አሰረው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ገደል እንዳይገባበት ነው። ያልሞከርነው የለም። ለጸሎት ተሰብስበን ወዳጃ ተቀመጥን፣ ሸሆቹ ዱዓ አደረጉለት። ጎረቤታችን የነበሩት ቄስም «ጠበሉም የአላህ ነው» ብለው ራሳቸው ወሰዱት፤ በወሎ እንዲህ ነው፣ የሁሉም ደጅ ይጠናል። የሁሉም ምርቃት ደረሰው፣ ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም።

አንድ የጥቅምት ቀን ከደሴ ስልክ ተደወለ። የዚያ ዘመን ስልክ እንደ ወንፊት ነው፤ ግማሹን ያንጠባጥበዋል። ከወዲያ ያለው ሰው «የእብድ ሐኪም ልከንላችኋል» ይላል፤ ከወዲህ ያለው ስልከኛ «እብድ ሐኪም ልከንላችኋል» ብሎ ሰማ። አንዲት «የ» የለጋምቦ ብርድ አቆፈናትና መንገድ ላይ ቀረች። ስልከኛው ሮጦ ለወረዳው ሹም ነገረ፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበርና ከተማው ሁሉ ወዲያው ሰማ። ሐኪም ስጡን እያልን ስንለምን ኖረን፣ ያበደውን መርጠው ጣሉብን ተባለ።

ዶክተር ኃይሉ አቧራ ለብሶ ከላንድሮቨሩ ሲወርድ ሰው ጠጋ ብሎ ለማየት ፈራ። አንዲት አሮጊት ብቻ ደፍረው ቀረቡና «አላህ ያሽርህ ልጄ፣ አብሽር» ብለው ባረኩት። ግራ ገብቶት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሰማሁትን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወጣት ነበር፤ አንቱ ስለው ስለተቆጣኝ ዛሬም እንደ ወንድም አንተ እለዋለሁ።

ታሪኩን ያጫወተኝ የገብሱን ማሳ ይዘን ወንድሜን ሊያይልኝ በእግራችን ወደ ቤታችን ስንወርድ ነው። ከባሕር ማዶ ይህንኑ ሙያ አብረውት ከተማሩት ያገራችን ልጆች አንዱ እዚያው ቀረ፣ አንዱ አዲስ አበባ ለባለጸጎች ሕክምና ቤት ከፈተ፣ አንዱ ደግሞ ሹመት አግኝቶ ሕመምተኛ ማየት ተወ። እሱን አለቆቹ ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። አንዱማ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ ለምን ቀዶ ጥገና አልተማርክም?» አለው አሉ። በስንት ልመና ነው፣ እስቲ ሄደህ ሞክረው ብለው አገር ቤት የለቀቁት። ሁለት ሻንጣ ይዞ ነበር፤ በአንደኛው ልብሱ ነው፣ በሁለተኛው ክኒን።

እኔ ሐኪም ማለት ገብቶ መርፌ ወግቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛው ከአያ ሰይድ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የወለሉ አፈር ላይ በጣቱ አንድ ጭረት ጫረና ይህ ፊደል ማን ይባላል ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ስንት ወር ሙሉ ለእኛ ለእናት አባቱ ልጆች መልስ ያልሰጠው፣ ቀና ብሎ አየውና «አሊፍ» አለ። እናቴ ጓዳ ሆና ሰምታ አለቀሰች።

ዶክተሩ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ክኒኑን በእኔ እጅ ያስውጠዋል፣ ከዚያ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያሉ ይቀመጣሉ። ክርስቲያኑ ዶክተር ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ሲሳሳት አያ ሰይድ ያርመዋል። በአጥር አሻግሮ ያየ ሰው ሁሉ ስልከኛው እውነቱን ነው እያለ ሄደ። አያ ሰይድ ግን መተኛት ጀመረ። መብላት ጀመረ። ጥር ላይ አንድ ጠዋት እናቴን ገንፎ አምጪልኝ፣ ቅቤው በዛ ይበል አላት። አባቴ ሰንሰለቱን በገዛ እጁ ፈታ። በጁምዓው አያ ሰይድ ነጭ ለብሶ በእግሩ መስጊድ ሄደ፣ ሰው መንገድ ለቀቀለት። ዶክተሩ አባቴን አስቀምጦ በግልጽ ነገረው፤ ሕመሙ ተኛ እንጂ አልጠፋም፣ ክኒኑ ከተቋረጠ ይመለሳል። ለእኛ ቤት እንግዲህ ነገሩ አንድ ነበር። ዶክተሩ ከቆየ ወንድሜ እንደተፈታ ይኖራል፣ ከሄደ ይታሰራል።

ወሬው ተዳረሰ። ከአቀስታ፣ ከደጎሎ ሳይቀር የታሰረ ሰው በቅሎ ላይ አስቀምጠው ያመጡልን ጀመር። አሁን ይህን ያየ ሹም ምን ማድረግ ነበረበት? ያኔ አንቱ ማለት ግዴታ ነበር፣ ዛሬ ግን አንተ ብዬ ነው የማወራው፤ ምን ያመጣል? ሹሙ ወገቤን አመመኝ፣ መርፌ ውጋኝ ብሎ መጥቶ ነበር። ዶክተሩ መርምሮት መርፌ አያስፈልግዎትም፣ አረቄውን ይቀንሱ አለው። በሰው ፊት! ሹሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂም ያዘ። መርፌ የማይወጋ፣ ለእብድ ደረሳ ሆኖ ፊደል የሚቆጥር ሐኪም እሱ ራሱ እብድ ነው፣ ቀድሞም ተነግሮናል እያለ አስወራ። ኋላም ደሴ ደውሎ «ይህን እብድ ሐኪም አንሱልን» አለ። በዚያ በኩል ያለው «እብድ» ይስማ «የእብድ» ይስማ አላውቅም፤ ማን ሊያጣራ! ይነሳ የሚል ትእዛዝ መጣ።

አባቴ፣ ሸሁና ቄሱ ሽማግሌ ሆነው ሹሙ ዘንድ ገቡ። እኔም የክሊኒኩ ሠራተኛ ስለሆንኩ ተከትዬ ገባሁ። አባቴ ልጁ እንዴት እንደዳነ እየተንተባተበ አስረዳ። ሹሙ ጭራውን እያወዛወዘ ሰማና «እብድ ሰንሰለት አለው፤ ሐኪም ለጤነኛ ነው» አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሐኪም ለጤነኛ! ያን ጊዜ አላስችል አለኝና ስልኩ ላይ ስሕተት እንደነበረ፣ ከደሴ የተባለው «የእብድ ሐኪም» እንጂ «እብድ ሐኪም» እንዳልሆነ፣ አንዲት «የ» እንደወደቀች ተናገርኩ።

«"የ" ኖረች አልኖረች ምን ለውጥ አለው?» አለኝ።

«ለውጡ ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

አስወጧት አለ፤ ተገፍቼ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉኝ። መንገድ ላይ አባቴን ለምን ለበላይ አቤት አንልም ብዬ ጨቀጨቅሁት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለኝ። እኔ ያን ተረት እስከዛሬ እጠላዋለሁ።

ዶክተሩ በልግ ሳይዘንብ ሄደ። ያለውን ክኒን ሁሉ አራግፎ ሰጠኝ፣ አወሳሰዱን ደጋግሞ አስጠናኝ፣ ከአዲስ አበባ እልካለሁ አለ። አያ ሰይድ እስከ መኪናው ሸኘው። አዲስ አበባ ሲደርስ ምን አሠሩት መሰላችሁ? መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ዓይን እንዲመረምር መደቡት። ያን ሁሉ ተምሮ የመጣ ሰው፣ ሾፌር አስቁሞ ይህን ፊደል አንብብ፣ ያን ፊደል አንብብ! ይህን የሰማሁት ክኒን ላመጣ በጭነት መኪና ደሴ በሄድኩ ጊዜ ነው። የመድኃኒቱ ኃላፊ እንዲህ ያለ ክኒን ለአዲስ አበባ እንጂ ለገጠር አይታዘዝም ብሎ ባዶ እጄን መለሰኝ። ዶክተሩ አንድ ጊዜ በሰው እጅ ላከልን፤ ቀጥሎ ባሕር ማዶ መሄዱን ሰማን። ሰው አገሩን ከዳ ይለዋል። ኧረ ማን ማንን ነው የከዳው?

ክኒኑ ሐምሌ ላይ አለቀ። ነሐሴ ሲጋመስ አያ ሰይድ እንቅልፍ ሸሸው፣ ያ የማይታየው ሰው ተመልሶ ያናግረው ጀመር። ራሱ አወቀው። አንድ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ አባቴ ሰንሰለቱን ይዞ ገባና ደፍሮ መቅረብ አቅቶት በሩ ላይ ቆመ። አያ ሰይድ አየውና እግሩን ራሱ ዘረጋለት።

«እሰረኝ፣ አባ። ዶክተሩ ሲመጣ ይፈታኛል» አለው።

አባቴ እያለቀሰ አሰረው። ከዚያ ወዲያ በአቀስታ በኩል የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አያ ሰይድ «ዶክተሩ መጣ?» ይላል። እናቴ «ኢንሻ አላህ ይመጣል» ትለዋለች። ክረምት ከበጋ ይጠይቃል። መንግሥት ተገለበጠ፣ ያ ሹም ጠፋ፣ የአዋጅ መኪና ሲያልፍም ወንድሜ የሚጠይቀው ያንኑ ነበር። እንደታሰረ ሞተ። ስንገንዘው ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ጠቁሮ ነበር። ለሴት ቢፈቀድ ኖሮ በእጄ ባጠብኩት፤ ወንዶቹ አጠቡት፣ እኔ ውኃውን አቀበልኩ።

እንግዲህ እሑድ ያስቆጣኝ ይህ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሩቂያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለካ ማንም ሳያውቅ ወደ ወሎ ገጠር መድቡኝ ብላ አመልክታ ኖሯል። ወደ አያቴ አገር ልሂድ፣ በዚያ ያሉትን ልይ ብላ። የተመለሰላት መልስ፣ እዚያ ለዚህ ሙያ መደብ የለም፣ ከፈለግሽ ጠቅላላ ሐኪም ሆነሽ ድንገተኛ ክፍል ሥሪ የሚል ነው። አብረዋት ከጨረሱት አንዱ ድርጅት ገብቷል፣ ሁለቱ ፈተና እየተፈተኑ ከአገር ሊወጡ ነው፣ አንዷም ሙያውን ትታ ሌላ ልትማር ነው አለችኝ። ስም ቢለወጥ ዘመን ቢለወጥ ነገሩ ያው! ወጣቱ አገሩን አይወድም እያሉ በየስብሰባው የሚሰብኩትን ሰዎች ባገኛቸው ምን እንደምላቸው አውቃለሁ። ልጆቹማ መጥተው ደጅ ቆመዋል፤ የሚያስገባቸው ነው የጠፋው።

እኔ ሩቂያን ሂጂም ቅሪም አላልኳት። የሷ ዕድሜ ነው፣ የሷ እንጀራ ነው። መደብ የማይከፈትበትን ምክንያት ጠይቀሽ ነበር ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

«ጠየቅሁ፣ እማ» አለች። «ከዚያ አገር ይህን ሕክምና የጠየቀ ሰው የለም አሉኝ።»