የጋሽ ተሰማ የኋላ ስፒከሮች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያስገጠማቸውን አዳዲስ ስፒከሮች ሊያሳየኝ መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝ። ሁለት በር ያላት ትንሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ከፊት ወንበሮቿ ጀርባ ያለው ቦታ ለሰው ሳይሆን ለቦርሳ የተበጀ ይመስላል። ሙዚቃውን ከፈተና "አባዬ፣ ልዩነቱ ይሰማሃል?" አለኝ። እንደሚሰማኝ ነገርኩት። ጆሮዬ ከዓመት ዓመት እየደከመ ስለ ሄደ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ልዩነት አልያዝኩም። የተሰማኝ ማጅራቴ ላይ ያረፈው ንዝረት ነበር። ያ ንዝረት ነው ሐረርን ያስታወሰኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በመምህርነት ሐረር የተመደብኩት ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዓመቱን በትክክል መናገር በተገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አብሮኝ ያስተምር ከነበረው ከዓለሙ ጋር በተገናኘን ቁጥር በዚሁ ስለምንከራከር ልተወው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሐኪም ወደሚባለው ጋራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሴቶች ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ በቅርጫት ደርድረው የሚሸጡበት ወቅት እንደ ነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ። ሽታው ከደብተሮቼ ውስጥ እንኳ አይጠፋም ነበርና።

ቤት ያከራዩኝ ሰው ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በመድፈኛነት የጨረሱ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። መድፉ ጆሯቸውን ወስዶባቸዋል። "አባቴ ተሰማ ብሎ ስም አወጣልኝ፤ መድፉ ግን አፍርሶ አልተሰማም አለኝ" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። በእኔ ትዝታ ቀይ ናት፤ ዓለሙ ብርቱካናማ ነበረች ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እንደ ቆመች ይገቡባትና ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድመው ካሴት ይከፍታሉ። ሁለቱ ስፒከሮች ከኋላው መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ስለ ተገጠሙ፣ መኪናዋም ትንሽ ስለ ሆነች፣ አንገታቸው ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። "እኔ የምሰማው በማጅራቴ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። ሬዲዮ፣ የሠርግ ቤት ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ ሁሉም ለእሳቸው ከሩቅ እንደሚታይ ነገር ነበር። ሙዚቃ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው በዚያች መኪና መደርደሪያ ብቻ ነው። ስንቱ ሽጡልኝ ቢላቸው እምቢ ያሉት ለዚህ ነበር።

የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ።

"ሞተሯን አሙቅልኝ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።"

ሌላ ነገር አትንካ አላሉኝም። ኋላ ያሳፈረኝም ይህን አለማለታቸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ከዓለሙ ጋር ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ አስጠቅልለን በመኪናዋ ወደ ሐኪም ጋራ ወጣን። ዳገቱ ላይ የድሮው ከተማ ጀጎል ከነግንቡ ከታች ሲታየን ደስታው አሰከረንና የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ ስፒከር ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ በአፍንጫው ያጉረመርም ጀመር።

"ጉንፋን ያዘው" አለ ዓለሙ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

የስፒከሮቹን ክዳን ፈትተን አየናቸው። ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ጠርዝ በሁለቱም ላይ ከግማሽ በላይ ተገንጥሏል።

በማግስቱ ሸዋ በር ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንድ በአንድ አዳረስኩ። ይህ መጠን የለም፤ ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል እንኳ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ተስፋ ስቆርጥ ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ጠየቅኩ።

"እናቴ፣ መኪና ሠሪዎች የሚገኙት የት ነው?"

"መኪና ግርግር ነዋ! ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ግባ።"

መኪና ግርግር። የአዲስ አበባ ጆሮዬ በዚህ ስም ውስጥ የሰማው ጋራዦች ተጋፍተው የቆሙበትን፣ መካኒኮች የሚጯጯሁበትን ሰፈር ነው። መኪናዋን አስነሥቼ ወደ ጀጎል ገባሁ። መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ፣ ሴቶች ግድግዳ እየተጠጉ ሲያሳልፉኝ እንኳ አልነቃሁም። በመጨረሻ የጎን መስተዋቶቼ ግድግዳውን ሊነኩ ሲደርሱ ቆምኩ። በግራና በቀኝ የተደረደሩ ወንዶች በስፌት መኪና ላይ አጎንብሰዋል። ግር፣ ግር፣ ግር። ሰፈሩን በስሙ ያስጠራው ይህ የልብስ ሰፊዎች ድምፅ ኖሯል። ከኋላዬ ደግሞ ጨርቅ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል።

"አቦ መምህር፣ ምን ልናሰፋላት ነው? ኮት ወይስ ሱሪ?" አለ ከትምህርት ቤት የሚያውቀኝ አንዱ።

"መጀመሪያ ልኳን ውሰዱላት!"

"ወላሂ ልኳን መንገዱ ወስዶላታል!"

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ለካ ቀልዱን አልሰሙትም። አው ዩሱፍ ይሏቸዋል፤ "አው" ሐረሪዎች አንጋፋ ሰውን የሚጠሩበት ቃል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከስፌት መኪና ጎን ተቀምጠው ጆሯቸው ደንዝዟል። ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብለው እንደ ሩቅ ሰው ጮኹብኝ።

"ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?"

እኔም እየጮኽኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመድፈኛውን ጆሮም ጭምር። ስፒከሮቹን ፈትቼ ስሰጣቸው መነጽራቸውን ጠርገው የተቀደደውን ጠርዝ በጣታቸው ዞሩት።

"ይሄማ ጉርድ ቀሚስ ነው" አሉ። "ጠርዙ ነው የተተረተረው። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ትወስደዋለህ፣ ኢንሻአላህ።"

ያን ዕለት ያየሁትን የእጅ ሥራ በብዙ ንግግር ላሳንሰው አልፈልግም። የሁለቱንም አሮጌ ጠርዝ በምላጭ ላጩት። ከሙሽራ ልብስ ገበር የተረፈ ስስ ጨርቅ አመጡ፤ አረንጓዴ ይመስለኛል። እንዲለጠጥ ብለው በሰያፍ ቆረጡትና ዙሪያውን ሁለት እጥፋት አወጡለት። ወረቀቱ መርፌ ስለማይችል በስስ ሙጫ አጣበቁት፤ ከውጭ ያለውን ግን በእጃቸው ቀመቀሙት። ሲደርቅ ካሴቱን አስከፈቱኝና ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አኖሩ።

"ጠቦታል። እስትንፋስ የለውም።"

ፈቱት። ላላ አድርገው እንደ ገና ሰፉት። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት አላስታውስም። በመጨረሻ መደርደሪያውን በጣታቸው አንኳኩ። "ሥሩ ባዶ ነው፤ ያንጓጓል" አሉ። እነዚያው የሳቁብኝ ሰፊዎች ከየስፌት መኪናቸው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ በእፍኝ በእፍኝ እያነሡ አመጡና ውስጡን ጠቀጠቁት።

እንደ ገና ስከፍተው ከበሮው ከመሬት የወጣ መሰለ። ሰፊዎቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ፤ ያ መንገድ ለአንድ አፍታ ያለ ግርግር ቀረ። አው ዩሱፍ ጸጥታውንም አላወቁትም። መዳፋቸው ብቻ ነገራቸው።

"አሁን መጣ። ማሻአላህ።"

ስወጣ ወንዶቹ መኪናዋን በእጃቸው ወደ ኋላ እየገፉ እስከ ፈረስ መጋላ ሸኙኝ።

ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ የሠርግ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሩ አጠገብ ቆምኩ። ካሴቱ ከመዞሩ የጨፈኑትን ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማን ነካት?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ። ቀደድኳቸው" አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምን?"

ለማይሰማ ሰው ኃጢአት በሹክሹክታ አይነገርም። "ስፒከሮቹን ቀደድኳቸው! ልብስ ሰፊ ሰፋቸው!" ብዬ ጮኽኩ። የጎረቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን መልሰው አሳረፉና ማዳመጥ ቀጠሉ። ዕቃዬን ስለ መሸከፍ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"ከበሮው ወደ ወገቤ ወረደ" አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፤ ከሥሩ አንድ የሚነካካ ነገር አለ። ክራር ነው?"

"ክራር ነው!"

"ድሮም ነበረበት?"

"ድሮም ነበረበት፣ ጋሽ!"

ካሴቱን ለዓመታት ሰምተውታል። ወደ መጀመሪያው አጠነጠኑትና ከነሠርግ ልብሳቸው እስኪመሽ ከዚያ አልወጡም። በሳምንቱ "ያን ሰው አሳየኝ" ብለውኝ አብረን ጀጎል ገባን፤ ያን ጊዜ በእግራችን። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጯጯሁ፣ የተጣሉ የመሰላቸው ሴቶች ሊገላግሉ መጥተው ነበር።

የመኪናዋን ቀለም፣ የጨርቁን ቀለም፣ ዓመቱንም ዓለሙ ቢያሸንፈኝ ግድ የለኝም። የሚያሳስበኝ የክራሩ ጥያቄ ነው፤ ያን ሲጠይቁ ከእኔ በቀር በግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ትዝታ አሳምሮ የመቀምቀም ልማድ እንዳለው አውቃለሁና ምናልባት እኔው ሰፍቼው ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ።

መኪናው ውስጥ ልጄ አሁንም ከእኔ አድናቆት ይጠብቅ ነበር። ወንበሩን አጋደምኩና አንገቴን አሳረፍኩ፤ ከዚያ ዞሬ መዳፌን ስፒከሩ ላይ አኖርኩ።

"ሥሩ ባዶ ነው?" አልኩት።

"ባዶ ነው። ለምን?"

"ነገ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንሄዳለን" አልኩት።