ወንድሜ አባባን የሆነበት ዕለት

የወንድሜን ስም የሚያውቅ የለም፤ ፊቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሆሊውዶች አውሮፓ ውስጥ ፊልም ሲሠሩ ከአምስተርዳም ይጠሩታል። አንዴ የባሕር ወንበዴ፣ አንዴ ቀዶ ሐኪም፣ አንዴ ጄኔራል፣ አንዴ ደግሞ አፉን ሳይከፍት የሚገደል ዘበኛ ሆኖ ብቅ ይላል። “ዋናውን ሰውዬ የምትሆነው መቼ ነው?” እያልኩ አበሽቀው ነበር። “ዋናው ሰውዬ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ስንቱን ነኝ” ይለኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሁሉ አብልጦ የሚችለው ግን አባታችንን መሆን ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ “ማነው መብራቱን ያላጠፋው?” ሲል አባባ ራሳቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ያን ሰሞን የነርስነት የመጨረሻ ፈተናዬን ልፈተን ነበር። ወንድሜ ሳልጠራው እኔ የምኖርበት ሻርሎይስ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ መጣ። ምስር ሠራ፣ ዕቃ አጠበ፤ ይሄ ደግነት ከየት መጣ ብዬ ገረመኝ። አገር ቤት ያሉት አባባ ስልክ ለምን እንደማያነሱ ስጠይቀው “ስልካቸው ተበላሽቶ ነው፤ አንቺ ፈተናሽ ላይ አተኩሪ” አለኝ።

ጭንቀቴ እንዲለቀኝ ብዬ “በል እስኪ አባባን ሁንልኝ” አልኩት። የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መነጽሩን ሰቀለ። እንደዚያን ቀን አሳምሮ አድርጎት አያውቅም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ፈተናውን በጨረስኩ ማግስት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌዎች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ከኋላ ደግሞ ወንድሜ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሀበሻ የለም። አባባ ሞተው፣ ተቀብረውም ነበር። ፈተናዋ እስኪያልፍ አትስማ ያለው ቤተሰቡ ነው። ወጋችን ነው፤ በዚያ አልፈርድም። ክው ያደረገኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ሲያስቀኝ ያውቅ ነበር!

ሰው ሁሉ እኔን ከቦ ሲያጽናና ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ይሄኛውስ የእውነቱን ነው? አልኩ በሆዴ። ሊያቅፈኝ ሲጠጋ ገፈተርኩት።

“አባባ ሞተው ሳለ እንዴት እሳቸውን ሆነህ ታስቀኛለህ? እንዴት ቻልክበት?”

እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

“ለአንቺ ሽማግሌ መጣልሽ” አለኝ። “የእኔን መርዶ የነገሩኝ በስልክ ነው፤ ሥራ ቦታ፣ ሜካፕ እየቀቡኝ። ተነስቼ ድርሻዬን ሠራሁ። ማታ መልሰው ደወሉና ‘አንተ ማስመሰል ትችልበታለህ፤ ሄደህ ጠብቃት’ አሉኝ።”

አንዱ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሄዱና ትከሻውን ይዘው “እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ” አሉት። ለካ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንዲህ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።