ብርኽቲና የኋላ ጎሚኒው

ብርኽቲ የብረት መቅረጫውን ማሽን፣ ቶርኖን፣ የተማረችው አሥመራ ነው። አባቷ በአንድ የጣሊያን ጋራዥ ብረት ይቀርጹ ነበር፤ ምሳ ታደርስላቸውና በልተው እስኪጨርሱ ማሽኑ ሥር ቆማ ታያለች። አንድ ቀን አባቷ ጣታቸው ቆስሎ ሥራ ሊያድርባቸው ሲል፣ "እስቲ እኔ ልሞክረው" አለችና ጨረሰችው። አባቷ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ወዲያ ግን ምሳቸውን በጣም ቀስ ብለው ይበሉ ጀመር።

የቶርኖ ሠራተኛውን ሐድጉን አግብታ አዲስ አበባ መጣች። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ቶርኖ ተክለው መሥራት ያዙ። ዓመታት ሲያልፉ የብየዳው ብርሃን የሐድጉን ዓይን አደከመው፤ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የሰው ጥላ ከማየት በቀር እምብዛም አይታየውም ነበር። በር ላይ ዱካ አስቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል። "ባለሙያው የታለ?" ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦

"ባለሙያዋ ውስጥ ናት። እኔ የወሬ ክፍል ነኝ።"

በዚያ ክረምት አርአያ የሚባል ወንደላጤ መጣባቸው። አርአያ አምስት ኪሎ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ ላይ አንዲት ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ገዝቶ ነበር። ሞተሯ ሲነሳ የፒያሳ ሰው ከፓስቲ ቤት ወጥቶ ያያታል፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን ኋላዋ ለብቻው ይሄዳል። የአራዳ ልጆች "ፊቷ ልዕልት፣ ኋላዋ እስክስታ" ብለው ስም አወጡላት።

ቀልዱ ያበቃው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ነው። ዝናብ ዘንቦ ነበር። አርአያ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲታጠፍ ኋላዋ አመለጠው፤ መኪናዋ አንድ ጊዜ ዞረችና ወደ መጣችበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ቆመች። ከአንዲት ቆሎ ሻጭ ቁና ጋር ስንዝር ቀርቷት ነበር። ሴትዮዋ ቁናዋን አቅፋ፣ "ቆሎ ፈልገህ ከሆነ ወርደህ ግዛ!" አለችው።

ከሦስት ጋራዦች አንዱ ጎማ ቀየረለት፤ አንዱ ክብደቷን የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ፣ ባልስትራውን፣ ጨመረለት፤ ሦስተኛው "ሽጣት" አለው።

"ለማን?"

"ለጠላትህ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ብርኽቲ ዘንድ የደረሰው። እሷ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረችና መኪናዋን በክሪክ ከፍ አድርጋ ከሥር ገባች። ረጅም ብረት አስገብታ ባልስትራው ጫፍ ላይ ገፋ ስታደርግ፣ የኋላው እግር በሙሉ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራተተ።

"ባልስትራህ ደህና ነው" አለች ከሥር ሆና። "ያለቁት ባልስትራውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዙት ጎሚኒዎች ናቸው። ጅማቷ ላልቶ ነው የምትወዛወዘው።"

አንዱን አውጥታ አሳየችው። የጎማ ቀለበት ነበር፤ በጣቷ ስትጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

"ከውጭ እንዲመጣ ብናዝዝስ፣ እትዬ ብርኽቲ?"

"በመርከብ? እስኪመጣ አንተም መኪናዋም ታረጃላችሁ። እኔ ከድሮው የጠነከረ እሠራልሃለሁ።"

ከነሐስ ቀርጻ ሠራችለት። ልኩ ፀጉር አያሳልፍም ነበር፤ እሷም ኮርታ ሰጠችው። በሁለተኛው ቀን አርአያ አገጩን ይዞ ተመለሰ።

"አሁን አትወዛወዝም። ግን የረገጥኩት ጠጠር ሁሉ ጥርሴ ላይ ነው የሚያርፈው።"

"እኔ እንኳ ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጀምሮ ስሰማህ ነበር" አለ ሐድጉ። "ቃጭል ያሰረ በሬ መስሎኝ ነበር።"

ብርኽቲ አልሳቀችም። ከመኪናዋ ሥር ገብታ ነሐሱን ፈታችው። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ለመኪናዋ ብቻ አሰብኩ፤ ለሚቀመጥባት አላሰብኩም። አራት ቀን ስጠኝ።"

ሁለቱ ቀን ምንም ሳይታያት አለፈ። ጎማ ሲለሰልስ ይበጣጠሳል፤ ብረት ሲጠነክር ያንቀጠቅጣል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሐድጉን በረባሶ ልታሠራ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ሸምሰዲን ሄደች። ሸምሰዲን ከጉራጌ አገር በልጅነቱ የመጣ፣ የካሚዮን ጎማ እየቀደደ ጫማ የሚሠራ ሰው ነው። እሷ ቆማ ስታየው፣ ቢላዋውን ሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከረ ጎማውን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ድርብርብ ክር ይታያል።

"ሸምሱ፣ ይሄ ክር ያለበት ጎማ ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"ሰውየው ያረጃል እንጂ ጫማው አያረጅም።"

"በል፣ የእንቁላል ክብ የሚያክል ቀለበት ቁረጥልኝ። አርባ ይሁን።"

ሸምሰዲን ቢላዋውን አስቀመጠ። "አርባ ቀለበት ለየትኛው እግር ነው?"

ስትነግረው ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ተከትሏት መጣ። ቀለበቶቹን በብረት ቱቦ ላይ ደርድረው በሞርሳ መንጋጋ እስኪጣበቁ ጨመቋቸው። ከዚያ ቱቦውን ቶርኖው ላይ አሰረችው፤ ሸምሰዲን የሳሙናውን ውሃ ያንጠባጥባል፣ እሷ በተሳለ ቢላዋ ትቀርጻለች። ጥቁር የጎማ ፍቅፋቂ ሁለቱንም እስከ ቅንድባቸው አለበሳቸው። ሐድጉ አንዱን ጎሚኒ በጣቶቹ አገላብጦ ዳሰሰውና፣ "ይሄ ሥራ ነው" አለ። ያንን ቃል ከአፉ ከሰማች ቆይታ ነበር።

ሲገጥሙ አርአያ ቸኩሎ ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል እጁን ያዘችው።

"ቆይ! መጀመሪያ መሬት ትርገጥ። አየር ላይ ተንጠልጥላ ከታሰረች፣ ስትወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ክብደቷን ከጣለች በኋላ ነው የሚጠብቀው።"

መኪናዋን አወረዷት፤ ብርኽቲ ጭቃው ላይ ተጋድማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች።

አርአያ ሸምሰዲንን አስቀምጦ በዝናብ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲመለሱ ሸምሰዲን ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። "ወላሂ፣ እንደ ባቡር ነው የታጠፈችው! ቆሎ ሻጯ እንኳ ቁናዋን አላነሳችም!"

ወሬው ከመኪናዋ ፈጠነ። በሳምንቱ የታክሲ ነጂዎች ከቆርቆሮው ቤት ፊት ተሰለፉ። ብርኽቲና ሸምሰዲን ሥራውን አንድ ላይ ያዙት፤ ሐድጉም "የወሬ ክፍሉ ሥራ በዛበት" እያለ ተራ ያስይዝ ጀመር።

በጥቅምት አንድ እሑድ አርአያ ባልና ሚስቱን ወደ ጃንሜዳ ወሰዳቸው፤ ጠበብ ስለምትል ሐድጉ ብርኽቲ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ሜዳው ላይ አርአያ ወረደና ለብርኽቲ መሪውን ለቀቀላት።

"እኔ? በዕድሜዬ የመኪና ዕቃ ሠራሁ እንጂ ነድቼ አላውቅም!"

"ታዲያ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃታል?"

ማርሹንና ፍሬኑን አሳያት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ በሦስተኛው መኪናዋ ነጎደች። ሐድጉ አጠገቧ ሆኖ ሁለት እጁን በመስኮት አውጥቶ ነፋሱን ይዳስሳል።

"ምን ይታይሻል?" አላት።

"ፈረሶች። ሰፊ ሣር። አርአያ እጁን እያወዛወዘ ከኋላችን ይሮጣል።"

"ምን ይላል?"

"'አቁሚ' የሚል ይመስለኛል።"

"አታቁሚ" አለ ሐድጉ። እሷም እየሳቀች ሜዳውን ሌላ ዙር ዞረችው።