ያልተጠራችው ዘሃራ

ባለፈው ክረምት ሲግናል አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ኳስ ሲሚንቶ ላይ ሲነጥር ሰማሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ድው፣ ድው ይልና ትንሽ ቆሞ ደግሞ ይቀጥላል። ታክሲው መጥቶ ሄደ። እኔ በሐሳብ ቀበና ወርጄ የባለሱቁን የጋሽ ኑሩን ልጅ ዘሃራን እያየሁ ነበር።

ጎረቤታችን ነበረች፤ ዘመኑ ደርግ ነው። እናቴ በምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ። የቀበሌ ስብሰባ በሚደረግበት ሜዳ ጥግ ከበርሜል አፍ የተቆረጠ ቀለበት ምሰሶ ላይ ተበይዶ ነበር። እሑድ እሑድ ነጭ ሸራ ጫማዋን በጠመኔ አንጥታ እዚያ ቅርጫት ኳስ ስትወረውር ትውላለች።

ፋብሪካው የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም እናቴ ምርጫውን እንዳይ ይዛኝ ሄደች። የተመረጡት ከሰዓት በኋላ ከማሽን ነፃ ሆነው ይለማመዳሉ ተብሏል። አሰልጣኙ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ሰውዬ፣ አሥራ ሁለት ስም ጠራ። የዘሃራ ስም የለም። ያልተጠሩት ቦርሳቸውን አንስተው ሲወጡ እሷ ወደ እሱ ሄደች።

«ጓድ አሰልጣኝ፣ ባልመረጥም ልምምድ ልምጣ?»

«ማሊያ የለሽም እኮ። ከሥራም አትለቀቂም።»

«ወደ ሌሊት ፈረቃ እቀየራለሁ።»

ትከሻውን ሰበቀ። «ካልሰለቸሽ ነይ።»

ከፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፏን ሳትጠግብ፣ ዓመት ሙሉ ተመላለሰች። ከሜዳ ውጪ የወጣ ኳስ ታመጣለች፤ አንድ ሰው ሲጎድል ትገባለች። ሥራ በማትገባበት ጠዋት ደግሞ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትሮጥና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተሳልመው የሚመለሱትን አሮጊቶች እጅ ነሥታ ቁልቁል ትመለሳለች። አባቷ መጀመሪያ «ሴት ልጅ ማን አባሯት ነው የምትሮጠው?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እየቆየ ግን ሱቁን ማልደው ከፍተው፣ ሻይ በዳቦ አዘጋጅተው ይጠብቋት ጀመር።

በዓመቱ እንደገና ምርጫ ተደረገ። እንደገና አልተጠራችም። ያን ቀን የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ለምን አትተዪውም?» አልኳት።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሰልጣኙ ቁመቴን ለካው። እግሬን ገና አላየውም።»

ያየው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እናቴ ቆማ አይታ የነገረችን እንዲህ ነው፤ ልምምድ ላይ አንዷ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏት አሰልጣኙ ዘሃራን አስገባና፣ የቡድኑን ጎበዝ ተጫዋች እንድትከላከል አዘዛት። ዘሃራ ጎንበስ ብላ እንደ ጥላ ተከተለቻት። ሦስት ጊዜ ኳሱን ነጠቀቻት። በአራተኛው ልጅቷ ራሷ ሳቀች። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን አስቆመና፣ «የት ነበርሽ አንቺ?» አላት።

«እዚሁ» አለችው።

በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ በታይፕ ከተጻፈው ዝርዝር ሥር፣ በእስክሪብቶ፣ «ዘሃራ ኑሩ» ተብሎ ተጨምሮ ነበር። ጋሽ ኑሩ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ለማያውቁት ዘበኛ፣ «ልጄ ናት» አሉት።

ስድስት ዓመት ለፋብሪካው ተጫወተች። ኋላ አግብታ ድሬዳዋ ሄደች።

እኔ ኳስ ተጫዋች አልሆንኩም። ግን የነርስ ትምህርት ቤት «ቦታ ሞልቷል» ብሎ ሲመልሰኝ ወደ ቤት አልሄድኩም። የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ አጠገብ እንደቆምኩ፣ «ክፍሉ ጀርባ ተቀምጬ ልከታተል?» አልኳት። ሴትዮዋ ወንበር እንዳመጣ ነገረችኝ።