የቦዲቲው ሊጥ ስንት ደቂቃ ይረፍ?

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሶዶ መናኸሪያ የተነሳሁት አንዲት ቁጥር ፍለጋ ነው። የምጽፍለት የዳቦ ጋጋሪዎች መጽሔት አዘጋጅ ስለ ቦዲቲው የስኳር ድንች ዳቦ የላክሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ መልሶብኛል። ዱቄቱን በኪሎ፣ ውኃውን በሊትር ጽፌያለሁ። ሊጡ ትሪ ላይ ኩፍ የሚልበትን ጊዜ ግን ጋጋሪዋ እንደነገሩኝ «ጸሎቱ እስኪያልቅ» ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

«እህቴ፣ የጅማ ጋጋሪ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ?» አለኝ በስልክ። «እስከ ዓርብ ደቂቃውን ካላመጣሽ ገጹን ለእርሾ ማስታወቂያ እሰጠዋለሁ።»

ለእኔ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ጋጋሪዋ ወይዘሮ ምሕረት ግን መጽሔት ላይ እንደሚወጡ ለጸሎት ጉባኤያቸው ሰው ሁሉ ተናግረዋል። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ሶዶ ኮሌጅ ውስጥ የምግብ ዝግጅት ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ እንደ እሳቸው እጁን ዘርግቶ የተቀበለኝ ሰው ጥቂት ነው። እንዴት አሳፍራቸዋለሁ?

ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተቀመጥሁ። ዳሞታ ተራራ ከኋላችን ጉም ተከናንቦ ቀረ፤ በግራ በቀኝ እንሰትና ባሕር ዛፍ፣ በመንገዱ ዳር ስኳር ድንች ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች። እኔ የእጅ ሰዓቴን ከስልኬ ጋር አመሳክራለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳመሳክር ከጎኔ ዶሮ ያቀፉት ሴት «ሐኪም ነሽ?» አሉኝ። «አይ፣ የዳቦ ጸሐፊ ነኝ» አልኳቸው። ዶሮዋን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቦዲቲ

ከባጃጅ ስወርድ ወይዘሮ ምሕረት ዱቄት በዱቄት ሆነው ዳቦ ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል።

«ሳሮ! ሳሮ!» አሉኝ በወላይትኛ ሰላምታ። «መጽሔቷስ?»

«ገና ናት። ዛሬ ደቂቃ ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ምን ችግር አለው? እኛ እንጸልያለን፣ አንቺ ቁጠሪ።»

ችግሩ እኔ ነኝ። ጸሎት ላይ ሰዓት የሚያይ ሰው ሳይ የምገሥጽ ሴት ነኝ። የመጀመሪያው ትሪ ሲደረደር ዓይኔን ጨፈንሁ፤ «አሜን» ሲባል ከፈትሁ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመርን ግን አላየሁም። ዳቦው ግሩም ሆኖ ወጣ።

በሁለተኛው ትሪ ነጠላዬን እጄ ላይ ጥዬ ከሥሩ ሰዓቴን በአንድ ዓይኔ አጮለቅሁ። ሊጥ አቡኪዋ ታደለች ያዘችኝ።

«አስተማሪ፣ መኪና ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?»

ሳቁ ጸሎቱን አቋረጠው። የተቋረጠ ጸሎት ደቂቃ ደግሞ ለጅማ አይላክም።

ምሳ የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ በዳጣ ቀረበልን። ያ ቃሪያ እንባዬን አወረደው። ቅቤ እንዳለበት ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ።

«ረቡዕ መሆኑን እኛም እናውቃለን» አለች ታደለች። «ጾምሽን አንሰርቅሽም፣ ብዪ!»

በሦስተኛው ትሪ ወይዘሮ ምሕረት አዘኑልኝ መሰለኝ ለእኔው ጸለዩ። ለመንገዴ፣ ለኮሌጁ፣ ለማተሚያው ማሽን፤ የአዘጋጁ ልብ እንዲራራ ስሙን ጠርተው። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ጉልበት ጸለዩ። እዚህ ላይ አለቀስሁ፤ ሰዓትም ጠፋኝ። ዓይናችንን ስንከፍት ሊጡ ከትሪው ወርዶ ጠረጴዛውን ይዞታል። ለከተማው ሻይ ቤቶች የታዘዘው ዳቦ ነበር።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምንም አትሆንም፤ ትታሻለች፣ ትነሳለች። አንቺን ይዤ ረሳኋት እንጂ» ብለው እንደገና አድቦለቦሉት። ጥቂት ቆይተው አንዱን በጣታቸው ጫን አደረጉ። ጉድጓዱ በዝግታ ተመለሰ። «ደርሳለች።»

«በምን አወቁ?»

«በጣቴ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ጸሎት አሉኝ?»

«ስንት ጊዜ ትቆያለች ብለሽ ጠየቅሽ፤ በዚያ ጊዜ የምንሠራውን ነገርኩሽ። እንዴት ታውቂያለሽ አላልሽም። ብርድ ሲሆን መዝሙር እንጨምራለን፤ ሲሞቅ ቶሎ አሜን እንላለን።»

«ጦሲ አንጆ» ብለው፣ እግዜር ይባርክሽ ማለታቸው ነው፣ ትኩስ ዳቦ አስይዘው ሸኙኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሶዶ

ቤቴ እንደገባሁ «ጸሎቱ እስኪያልቅ» የሚለውን ሰርዤ «በጣት ሲጫን ጉድጓዱ በዝግታ ከተመለሰ ደርሷል» ብዬ ላክሁ። አዘጋጁ ወዲያው ደወለ።

«በስንት ደቂቃ ነው የሚደርሰው?»

«ወንድሜ፣ ሊጥ ነክተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሰፈርህ ዳቦ ቤት ግባና ንካ። ከዚያ ገጹን ለፈለግኸው ስጥ።» እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ ስልኩን ዘግቼ ንስሐ ገባሁ።

ሐሙስን በጭንቀት አሳለፍሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪዎቼን «ሠላሳ አምስት ደቂቃ» እያልሁ አስተምሬያለሁ፤ አንዳቸውንም ሊጡን ንኩት ብዬ አላውቅም። ከቦዲቲ ያመጣሁት ትምህርት ይኸው ነው፤ ለአስተማሪ ትንሽ ያሳፍራል።

ዓርብ ረፋድ ላይ አዘጋጁ ደወለ።

«ገባኝ። ገጹ የወይዘሮ ምሕረት ነው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት ትሪ ሙሉ ሊጥ በጣቴ ስለበሳሁ ግን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ‹ግዛው› ተብዬ ሠላሳ ዳቦ ይዤ ቢሮ ገብቻለሁ።»